ሰም የደፈነው በር

አባቴ መኪናውን የገዛው ለእናቴ ደረት ሲል ነበር። መኪናው ግን ከእናቴ ደረት ጋር ሊስማማ አልቻለም።

እንዲህ ባጭሩ ስናገረው ቀልድ ይመስላል። ያን ክረምት ግን በቤታችን ብዙ የሳቀ ሰው አልነበረም። እውነቱን ለመናገር እኔ አልፎ አልፎ ስቄአለሁ። ባሌን ፈትቼ ጎንደር ወደ አባቴ ቤት ከተመለስኩ ወዲህ ምላሴ ስል ሆኖ ነበር፤ ሰው በእኔ ከመሳቁ በፊት እኔ በሰው እቀድማለሁ። ቀን ቀን ለደብራችን ጧፍ እሠራ ነበር። ከቤቱ በር አጠገብ ተቀምጬ ክሩን በቀለጠ ሰም ውስጥ እየሳብኩ፣ በመዳፌ እያሸሁ፣ የግቢውን ነገር ሁሉ አያለሁ፣ እሰማለሁ። ስለዚህ የመኪናውን ታሪክ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ነገሩ የሚጀምረው ከወላጆቼ ሠርግ ነው። አባቴ በወጣትነቱ የሲራራ ነጋዴ ነበር። ከትግራይ አሞሌ ጨው በበቅሎ ጭኖ፣ ሊማሊሞን ወጥቶ፣ በዳባት አድርጎ ጎንደር ይገባል። እናቴን ያገኛት በዚያ መንገድ ላይ፣ ዳባት ነው። አያቴ ከእሷ ሌላ ልጅ አልነበራትም። ሙሽራይቱ በቅሎ ላይ ልትወጣ ስትል አያቴ ልጓሙን ይዛ፣ "ልጀን ወስደህ እንዳታስቀርብኝ" አለችው። አባቴም ሽማግሌዎቹ እየሰሙ፣ "እሜቴ፣ ዓይንዎ በናፈቃት ጊዜ ሁሉ ይዣት እመጣለሁ" ብሎ ማለላት። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ አባቴ ደግሞ ከአፉ የወጣውን የሚረሳ ሰው አልነበረም።

በቅሎ በነበረው ጊዜ ቃሉን ጠበቀ። ለፋሲካም፣ ለመስቀልም፣ ያለ ምክንያትም እናቴን ይዟት ይወጣ ነበር። ኋላ ግን ጨዉን የጭነት መኪና ወሰደበት። አባቴ በቅሎዎቹን ሸጦ ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ትንሽ ሱቅ ከፈተ። በዚያው ሰሞን እናቴን አስም ያዛት። ከምንጭ እስከ ቤት ያለችውን ዳገት ስትወጣ እንኳ ደረቷ ሲር ሲር ይላል። በበቅሎ ብትሄድ የወገራ ብርድ ይይዛታል፤ በጭነት መኪና ብትሄድ አቧራው ያፍናታል። አያቴ በበኩሏ አርጅታ ከቤቷ አትወጣም። እናትና ልጅ እዚያና እዚህ ሆነው በገበያተኛ አፍ ሰላምታ ሲላላኩ ከረሙ።

አባቴን ይህ ነገር ያንገበግበው ነበር። አይናገረውም እንጂ ከዳባት ሰው በመጣ ቁጥር ራት በቅጡ አይበላም። በመጨረሻ አንድ ሚያዝያ ላይ፣ ጣሊያን ጥሎት የሄደ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረ፣ አመድማ ቀለም ያለው አሮጌ መኪና እየነዳ ግቢ ገባ። እናቴ ከቤት ወጥታ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ቆመች።

"ይኸው በቅሎሽ" አላት። "ይህች ብርድም አቧራም አታስገባም።"

ብርዱን አላስገባም። አቧራውን ግን አስገባ። የጎንደር የበጋ አቧራ ከየት እንደሚገባ አባቴ ግራ ገባው። መስታወቱ ተዘግቷል፤ በሩ ተዘግቷል፤ እናቴ ግን ከኋላ ወንበር ሆና ታስላለች። አባቴ ጋቢውን መሬት ላይ አንጥፎ በጀርባው ተኛና በሮቹን ከሥር ወደ ላይ ተመለከተ። ከዚያ የጮኸውን ጩኸት ጎረቤት ሁሉ ሰማው።

"ሌባ! አገኘሁት!"

በየበሩ የታችኛው ጠርዝ ላይ ትናንሽ ቀዳዳዎች ነበሩ። ላሜራው እዚያ ላይ ታጥፎ ይዘጋል፤ ከመታጠፊያው ሥር ግን ትንሽ ጣት የማያስገቡ ቀዳዳዎች ተትተዋል። አባቴ ጣሊያን ሲቸኩል ሳይዘጋው የተወው ሥራ ነው ብሎ ፈረደ።

አባቴን ለመረዳት ጨውን ማሰብ ያስፈልጋል። ዕድሜውን በሙሉ የለፋው ጨውን ከውሃ ለመጠበቅ ነው። አንድ ቀዳዳ ቆዳ፣ አንድ የላላ ስፌት ካለ፣ ሊማሊሞ ላይ አንድ ዶፍ ከጣለ፣ የወራት ድካም ቀልጦ በበቅሎዋ ጎን ይፈሳል። ሌሊት ከእንቅልፉ ተነስቶ ጭነቱን የሚዳስስ ሰው ነበር። ቀዳዳ ማለት ለእሱ ጠላት ነው። ከየትኛውም ዕቃ ላይ ቀዳዳ ካየ ይደፍነዋል፤ ቤታችን ውስጥ የአይጥ ጉድጓድ እንኳ ከአንድ ቀን በላይ ሰንብቶ አያውቅም።

ከእኔ ሰም ወሰደ። አመድ ነስንሶበት በመዳፉ አሸው፣ እንደ ሊጥ ሲለሰልስለት በሮቹን እየዞረ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ደፈነ። የጠላ ጋን አፍ የሚያሽግ ሰው ይመስል አውራ ጣቱን በምራቁ እያራሰ ያስተካክለው ነበር።

እሁድ እናቴን ቤተ ክርስቲያን አድርሶ መለሳት። አቧራ የሚባል ነገር የለም። እናቴ ከመኪናው ስትወርድ ደረቷ ጸጥ ብሎ ነበር።

"ሸጋ ነው!" አለች። "እውነትም ሸጋ ነው! የሐዋርያት ጾም ይፈታና እናቴ ዘንድ ውሰደኝ።"

አባቴ ያን ቀን እንዴት እንደኮራ! በግቢው ውስጥ ሲንጎራደድ ዋለ።

ከዚያ ሰኔ ገባ።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ የእኛም እንዲያ ሆነ። መኪናው የሚያድረው ግቢያችን ጥግ ባሕር ዛፉ ሥር ነው። የመስታወቶቹን ግርጌ የሚይዘው ላስቲክ በፀሐይ ብዛት ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ዝናቡ በመስታወቱ ላይ ሲወርድ በዚያ ስንጥቅ በኩል ወደ በሩ ሆድ ይገባል። ይህን ያኔ ማናችንም አላወቅንም። ያየነው ሌላ ነገር ነው። የመኪናው በር በውስጥ በኩል ቡናማ ልባስ አለው፤ ላዩ ቆዳ የሚመስል፣ ውስጡ ግን የተጠቀጠቀ ካርቶን ነው። ያ ልባስ መጀመሪያ ከታች በኩል ጠቆረ። ቀጥሎ እንደ ቦካ ሊጥ ተነፋ። ከዚያ ላዩ ከካርቶኑ መላቀቅ ጀመረ፣ በተላቀቀበትም ነጭ ሻጋታ በቀለበት። መኪናው ክረምት ያሳለፈ ጭድ ሸተተ።

አባቴ በጨርቅ ይወለውለዋል። ሲወለውለው ይውልና ጠዋት ተመልሶ እርጥብ ነው።

ጾሙ ሲፈታ እናቴ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ፣ ለአያቴ የሚሆን ማርና ለስላሳ ነጠላ ይዛ ከኋላ ተቀመጠች። እኔም ከጎኗ ሆንኩ። ከከተማው ስንወጣ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ነበር። ወለቃ ስንደርስ ሳሉ ያዛት። ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ ስትስል አይቻለሁ፤ ያን ቀን ግን ትንፋሽ መመለሻ አጣች። የአባቴን ትከሻ በቡጢ ስትመታ አቆመ። በዝናቡ ወርዳ ጉልበቷን ይዛ ጎንበስ አለች። ከመንገዱ ዳር ሸክላዎቿን በቅጠል ሸፍና የተቀመጠች አንዲት ሴት የራሷን በርጩማ አምጥታ አስቀመጠቻት፤ ጀርባዋንም ታሻት ጀመር። ሴትዮዋ ምንም አልጠየቀችንም። እኔ እስከዛሬ ወለቃን ባለፍኩ ቁጥር እሷን አስባለሁ።

ወደ ቤት የተመለስነው ሽታው እንዲወጣ መስታወቱን ሁሉ አውርደን፣ ዝናቡን እየጠጣን ነው። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው፤ መኪና ደጇ ቆሞላት እናቴ እናቷን ማየት አልቻለችም።

አባቴ ተስፋ አልቆረጠም። በማግሥቱ የንስሐ አባታችንን ጠርቶ አመጣ። እሳቸውም ነገሩን ሰምተው አዘኑ፣ መስቀላቸውን አወጡ፣ ጸሎት አደረሱ፣ ከዚያም ያመጡትን ጠበል በመኪናው ውስጥ ረጩ። ሰውየው ለእናቴ ያላቸው ፍቅር ብዙ ነበርና ጠበሉንም አልቆጠቡትም። ወንበሩንም፣ ጣሪያውንም፣ በሮቹንም አዳረሱ። እኔ ከጧፌ ቀና ብዬ፣ "አባ፣ ከሰማይ የመጣው አነሰ ብለው ነው?" አልኳቸው። እናቴ ቆጣ ብላ አየችኝ። እሳቸው ግን ሳቁና፣ "ልጀ፣ እኔ የማውቀው ይህን ነው፤ አንች የምታውቂው ካለ ደግሞ አንች ሞክሪ" አሉኝ።

የተናገሩት ነገር ከልቤ ገባ። ተቀምጬ ቀሚሴን ተመለከትኩ። ስሠራ ሰም የተንጠባጠበበት ቦታ ላይ የዝናብ ጠብታ ክብ ሆኖ ይንከባለል ነበር እንጂ አይገባም። ወዲያው ተነስቼ አቡጀዲ ቀደድኩና በሰም ድስቴ ውስጥ ነከርኩት።

አባቴ በካቻቢቴ ብሎኖቹን ፈታ፣ ልባሶቹን ከላሜራው አላቀቀ። ከጀርባቸው የበሰበሰ፣ ቅባት የነካው የወረቀት ቅዳጅ አገኘን። ጣሊያኖቹም ውሃውን ለመከላከል ያሰቡበት ነገር ኖሯል። ወረቀቱን ልጠን ጥለን በቦታው የእኔን ጨርቅ ዘረጋን። ዙሪያውን በለሰለሰ ሰም ከላሜራው ጋር አጣበቅነው። የታችኛውን ጫፍ እንደ አልጋ ልብስ አሳምሬ አጥፌ ከልባሱ ሥር ሸጎጥኩት። አባቴ ልባሶቹን መልሶ ሲያስር ያፏጭ ነበር። ሁለታችንም እንዲያ ተስማምተን ስንሠራ ያ የመጀመሪያችን ነው፤ ባሌን ከፈታሁ ወዲህ ብዙም አንነጋገርም ነበር።

ሳምንት አልሞላውም፣ በሮቹ ከቀድሞው ብሰው ረጠቡ። አንደኛው ልባስ ከግማሹ ወዲያ ገንፎ ሆኖ ወረደ።

አባቴ የወረደውን ካርቶን በእፍኙ ይዞ እፊቴ መጣ። "ይኸው ሰምሽ! ጥሩነቱ ለጧፍ ነው፤ ከማኪናየ ላይ እጅሽን አንሽ!" አለኝ።

እኔም ዝም ማለት አላወቅሁበትም። "አባየ፣ ይህ በቅሎ ቢሆን እኮ ራሱን ያራግፍ ነበር!" አልኩት።

ያ ቃል ጎዳው። የሸጣቸውን በቅሎዎቹን ምን ያህል እንደሚወዳቸው አውቅ ነበር። ካርቶኑን መሬት ላይ ጥሎ ሄደ፤ እኔም ድስቴን ይዤ ወደ ጓዳ ገባሁ። ቤቱ ውስጥ ከእናቴ ደረት በቀር የሚሰማ ድምፅ ጠፋ።

አንድ ሰው የመጣው በዚያ መሀል ነው። የዳባት ገበሬ ነው፤ ለቅዳሜ ገበያ ገብስ ይዞ ይወርዳል፣ ከአያቴም ጋር አጥር ይጋራል። ገሳውን ሳያወልቅ ከደጃፉ ቆመ፤ ከሣሩ ጫፍ ውሃ ይንጠባጠባል።

"አያ፣" አለው አባቴን፣ "እሜቴ አልጋ ይዘዋል። እህል አይወስዱም። 'ልጀን ሳላይ ዓይኔን እንዳልከድን፣ ቃሉን እኔ አልረሳሁትም በለው' ብለውኛል።"

 አባቴ ሰውየውን ግባ ማለት እንኳ ረስቶ እናቴ ናት ያስገባችው፣ ያበላችው። ሲሄድ እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ ስንቅ መቋጠር ጀመረች።

"ምን ልትሆኝ ነው?" አላት።

"በበቅሎ እሄዳለሁ። አንድ በቅሎ ተከራይልኝ።"

"በዚህ ዝናብ? የኮሶየን ዳገት ሳታልፊ ትቀሪብኛለሽ!"

"ብቀርስ? እሷ ልጀን ልጀን እያለች ትሙት?"

አባቴ ወጣ። ከመኪናው አጠገብ ሄዶ፣ የሚያደርገው ቢያጣ፣ አንዱን በር ከፈተና በንዴት መልሶ ዘጋው። በሩ ጓ አለ፤ ከዚያም ከውስጡ አንድ ነገር ቦጭ አለ።

እናቴ ስንቁን አስቀምጣ እደጃፉ ላይ መጣች።

"ድገመው እስኪ" አለችው።

"ምኑን?"

"በሩን። ቀስ ብለህ ዝጋው።"

አባቴ ከፈተ፣ ዘጋ። ቦጭ። እንደገና ከፈተ፣ ዘጋ። ቦጭ። እኔም ከጓዳ ወጣሁ። ይህን ድምፅ ከዚያ በፊትም ሰምተነዋል፤ አባቴ የቤንዚኑ ነው ይል ነበር፣ እኛም ስለ ቤንዚን ምን እናውቃለን! እናቴ በጭቃው ውስጥ በባዶ እግሯ ሄደች። ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ከበሩ ላይ ለጠፈች፣ አባቴ ደግሞ በሩን በቀስታ አወዛወዘላት።

ቀና ስትል ፊቷ ላይ የነበረውን እስከዛሬ አልረሳውም። ያዘነችም የሳቀችም ትመስላለች።

"ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ" አለች። መዳፏን ደረቷ ላይ አደረገች። "ሌት ሌት እዚህ ውስጥ እሰማዋለሁ። ውሃ ገብቶ መውጫ ሲያጣ እንዲህ ነው የሚለው። ምነው፣ በየት በኩል እንዲወጣ ብለህ ነው?"

አባቴ አየኝ፤ እኔም አየሁት። ሁለታችንም አንድ ነገር ነው ያሰብነው። ቢላዋ ላምጣ ሳልለው ሮጬ አመጣሁለት። በጭቃው ላይ ተንበረከከ፣ አንገቱን አጥፎ ከበሩ ሥር ገባ፣ ከአመድ ጋር ያሸውን ሰም በቢላዋው ጫፍ መነቀለው።

የወጣው ውሃ ቀይ ነበር፤ ዝገትና የበሰበሰ ካርቶን የቀላቀለ። መጀመሪያ ፊቱ ላይ ተረጨ፣ ቀጥሎ እጅጌው ውስጥ ገባ፣ ከዚያ በጭቃው ላይ ቦይ ሠርቶ ፈሰሰ። አባቴ አልተነሳም። እዚያው እንደተንበረከከ ወደሚቀጥለው ቀዳዳ አለፈ። ሽታው እናቴን እንዳያገኛት እኔ ወደ ቤት ይዣት ገባሁ፤ እሷ ግን ከበሩ ላይ አንገቷን አውጥታ እያየች፣ "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" ትል ነበር።

ቀዳዳው ተከፈተ ማለት ግን ነገሩ አለቀ ማለት አልነበረም። አባቴ አሁን የሲራራ ነጋዴነቱ ተመለሰበት፤ አንድ ነገር ልክ መሆኑን በዓይኑ ሳያይ አይጭንም። ልባሶቹን ሁሉ አወጣና በጣሳ ውሃ ከመስታወቱ ላይ አፈሰሰ። እኔ በውስጥ በኩል ቁጢጥ ብዬ እከታተላለሁ። ውሃው በመስታወቱ ወረደ፣ ጨርቄ ላይ አረፈ፣ ተንከባለለ፣ ከጨርቁ ጫፍ ደረሰ፣ ከዚያ እኔው ራሴ አሳምሬ ያጠፍኩትን እጥፋት ተከትሎ ልባሱ ከሚቀመጥበት ቦታ ላይ ተንጠባጠበ።

"አባየ፣ ጫፉ ነው" አልኩት። "ጫፉን ወደ በሩ ሆድ ሳይሆን ወደ ልባሱ አድርጌዋለሁ።"

አጎንብሶ አየ። "ገሳ የለበሰ ሰው ጫፉን ወደ ጉልበቱ ቢያጥፈው እግሩ አይደርቅም" አለ። አልተቆጣም። ላሜራው ከታች በኩል እጅ የሚያስገባ ክፍተት ነበረው። የጨርቁን ጫፍ በዚያ በኩል ወደ በሩ ሆድ አስገባነው። ደግሞ ውሃ አፈሰሰ። ውሃው በጨርቁ ወርዶ በሩ ሆድ ውስጥ ገባ፤ ትንሽ ቆይቶ ከሥር በኩል፣ አባቴ በከፈታቸው ቀዳዳዎች፣ ጠብ ጠብ እያለ መሬት ወረደ። አባቴ ያን ውሃ ሲያይ የሳቀው ሳቅ የሌላ ሰው መሰለኝ።

ልባሶቹን ምድጃ አጠገብ አስደግፈን አደረቅናቸው። ሻጋታውን ፋቅንላቸው፤ የፊተኞቹ ዳኑ። የኋለኞቹ ግን የማይሆኑ ነበሩ፤ እነሱን ጥለን በሮቹን እንዲሁ ተውናቸው። እናቴ በምትቀመጥበት በኩል ላሜራውና በእሱ ላይ የተለጠፈው ቢጫ ጨርቄ ብቻ ይታያል። የሻገተ ጭድ ይሸት የነበረው መኪና አሁን ሰም ሰም አለ። እናቴ ገብታ ስትቀመጥ አየር ሳበች፣ ቆየች፣ እንደገና ሳበች። 

"ቤተ ክርስቲያን ይሸታል" አለች። "ንዳ።"

ኮሶየ ላይ ጉም ዋጠን። አባቴ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ መንገዱን እየፈለገ ነዳ። አምባ ጊዮርጊስን አልፈን ሜዳው ላይ ስንወጣ ሰማዩ ተቀደደ። እንደዚያ ያለ ዝናብ የወገራ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። ውሃው በመስታወቱ ላይ ሲወርድ፣ በተሰነጠቀው ላስቲክ ሲገባ፣ ከጨርቁ ጀርባ ሲንሸራተት እንሰማዋለን። አባቴ መኪናውን አቆመና በዶፉ ውስጥ ወርዶ ከበሮቹ ሥር አየ። ተመልሶ ገባ፣ ጥቂት ነዳ፣ ደግሞ አቆመ፣ ደግሞ ወረደ።

እናቴ መዳፏን ጨርቁ ላይ ለጥፋ ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ ሊያቆም ሲል፣ "አንተ ሰው! ደረቅ ነው አልኩህ! እናቴ እየጠበቀችኝ ነው፣ ንዳ!" ብላ ጮኸችበት። እንዲያ ለመጮህ የሚበቃ ትንፋሽ ካገኘች ስንት ዘመኗ ነበር! አባቴ ስድብ እንዳልሰማ፣ ምርቃት እንደተቀበለ ሰው ደስ ብሎት ነዳ።

አያቴ መደቡ ላይ ተኝታ ነበር። ትንሽ ሆናለች፤ ጋቢዋ ሥር ሰው ያለ አይመስልም። ዓይኗ ብዙ አያይም ነበርና እናቴ ፊቷን ስትስማት እጆቿን አነሳች፤ ትከሻዋን፣ ክንዷን፣ ነጠላዋን ዳሰሰች።

"አንች ነሽ?"

"እኔ ነኝ፣ እማየ።"

"ምነው ልብስሽ ደረቅ ሆነ? ዝናቡ አላገኘሽም?"

"አግኝቶኝ ነበር፣ እማየ። ገብቶ ወጣ።"

አያቴ እጇን የእናቴ ደረት ላይ አሳርፋ ሲር ሲሩን ሰማች። "አልተሻለሽም" አለች። እናቴ፣ "አልተሻለኝም። ግን መጣሁ" አለቻትና ከጎኗ ተኛች። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ገብቶ የአያቴን ጉልበት ሳመና፣ "እሜቴ፣ ዘገየሁ" አለ። ወዲያው ተመልሶ ወጣ።

አያቴ ለደመራ አልደረሰችም። እናቴ ግን እስከመጨረሻዋ ቀን ከአጠገቧ አልራቀችም፣ በእጇ አጉርሳታለች፣ በእጇ ገንዛታለች። ከዚያ በኋላ ስለዚያ መኪና ክፉ የተናገረ ሰው እናቴ ፊት አይቆምም ነበር።

እኔ ግን የማስበው ዳባት የገባንበትን ቀን ነው። አባቴን ፍለጋ ስወጣ ዝናቡ ካፊያ ሆኗል። ከመኪናው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ፣ እናቴ ከተቀመጠችበት በር ሥር የሚንጠባጠበውን ውሃ ያያል። በመዳፉ ይቀበለዋል፣ ያፈሰዋል፣ እንደገና ይቀበለዋል። ስቀርብ እያለቀሰ እንደነበር አየሁ፤ ሊደብቀኝም አልሞከረም።

"መግቢያውን የዘጋሁላት መስሎኝ ነበር እኮ" አለኝ። "መውጫውን ነው የዘጋሁባት።"

ስል ምላሴ ያን ጊዜ አላስፈለገኝም። ከጎኑ ቁጢጥ አልኩና እኔም እጄን ከበሩ ሥር ዘረጋሁ። ውሃው ቀዝቃዛና ጥርት ያለ ነበር። ከቤት ውስጥ የእናቴ ሳል ተሰማ፤ ሳሉን ተከትሎ የሁለቱም ሳቅ፤ ከዚያ የአያቴ ደካማ ድምፅ፦

"አማቼን ጥሩልኝ። በዝናቡ ውስጥ ምን ያደርጋል? እዚህ ከእኔ አጠገብ ይቀመጥ።"

"ሰማህ፣ አባየ?" አልኩት። "ና፣ ግባ።"

ጉልበቱ ላይ ያለውን ጭቃ ሳያራግፍ ገባ።